ሂሳብ ሲገባ ልጅቷ ለምን ትወጣለች?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ስለ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የምታወጡትን ሁሉ እከታተላለሁ። ስለ መጻሕፍት እጥረት ጻፋችሁ፣ ስለ 12ኛ ክፍል ውጤት ጻፋችሁ፣ ደግ አደረጋችሁ። አንድ ነገር ግን ማንም ሲያነሳው አላየሁም። ማየት የተሳናቸው ልጆች ሂሳብ የማይማሩት ለምንድን ነው?

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። የእህቴ ልጅ መንዝ ነው ያደገችው፣ አይኗ አያይም፣ አሁን እኔ ጋ ሆና ትማራለች። ክረምት አገሯ ስትገባ እናቷ ገበያ ይዛት ትወጣለች፣ ምክንያቱም ሂሳብ የምትይዘው ልጅቷ ነች። ይሄን ያህል በግ በይሄን ያህል ብር፣ የደላላው ሲቀነስ፣ የአምናው ዱቤ ሲታሰብ፣ ነጋዴው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እስኪደምር እሷ ጨርሳ ዝም ብላለች። ትምህርት ቤት ግን የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ውጭ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ ፀሐይ መሞቅ ክፉ ነገር አይደለም፣ ግን እዚያ የተላከችው ለዚያ አይደለም።

መምህሩን ሄጄ ጠየቅኩት። ክፉ ሰው አይደለም። «ጋሼ፣ እንዳትጨናነቅ ብለን እኮ ነው፣ ፈተናም ላይ አይመጣባትም» አለኝ። እኔ በማውቃቸው የአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች ነገሩ ያው ነው። ከፍ ወዳሉት ክፍሎች ሲሻገሩ ሂሳብ ይቀርላቸዋል፣ 11ኛ ሲደርሱ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሶሻል። ምርጫ ይባላል። ሂሳብ ያልተማረ ልጅ ናቹራል ልምረጥ ቢል በምኑ ይመርጣል?

የሚገርመኝ አባቶቻችን ይህን ነገር ብዙም ሳይጨነቁበት መፍታታቸው ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታ ነው። ጨለማ ስለሆነ መጽሐፍ የሚገልጥ የለም፤ መምህሩ በቃሉ ይነግራል፣ ተማሪው ተቀብሎ ይደግማል፣ በዚያ ሰዓት የሚያየውም የማያየውም እኩል ነው። ቅኔ ቤትም እንዲሁ፣ ተማሪው ጥሻ ውስጥ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለት በሐሳቡ ሲያዘጋጅ ውሎ ማታ መምህሩ ፊት በቃሉ ይናገራል። ከዚያ ሥርዓት አይነ ስውር የቅኔና የዜማ መምህራን የወጡት ለነሱ ተብሎ ትምህርቱ ስለቀለለ አይመስላችሁ። ሙሉውን ነው የተማሩት። ድሮን እያሞገስኩ አይደለም እንግዲህ፣ መስማት የተሳነው ልጅ እዚያ ቦታ አልነበረውም፣ ሴት ልጅም በጣት የምትቆጠር ነበረች።

ዘመናዊው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ደግሞ በሌላ በር ነው የገባው። ሚሲዮኖችና በንጉሡ ዘመን የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ናቸው ያመጡት። ሰበታ መርሐ ዕውራን አለ፣ ሻሸመኔ የካቶሊኮቹ አለ፣ መስማት ለተሳናቸው መካኒሳ አለ። ልጁ ከቤተሰቡ ተለይቶ ርቆ ይሄዳል፣ ግን ብሬይል፣ ማለት በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበውን ጽሑፍ ይዞ ይመለሳል። ማየት የተሳናት የትነበርሽ ንጉሤ ከወሎ ሳይንት ተነስታ ሻሸመኔ ተምራ ነው የሕግ ባለሙያ ሆና እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የወሰደችው።

ከዚያ 1986 ዓ.ም. መጣ። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው አካል ጉዳተኛውም ልዩ ተሰጥኦ ያለውም እንደ ችሎታውና እንደ ፍላጎቱ ይማር አለ። በዚያው ዓመት ስፔን ውስጥ ሳላማንካ ላይ 92 መንግሥታት ተሰብስበው ሁሉም ልጅ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ይማር ብለው ተስማሙ። እኛም በ1998 ስትራቴጂ አወጣን፣ በ2004 አሻሻልነው፣ በመሃሉ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አጸደቅን። ወረቀቱ ሙሉ ነው። በሩም ተከፍቷል፣ እውነት ለመናገር። የእህቴ ልጅ ሰበታ ሳትሄድ እዚሁ ከእኩዮቿ ጋር መቀመጧ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ክፍሉ ውስጥ ከገባች በኋላ ያለው ነው።

ይሄ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች መስማት የተሳናቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ አይማሩ፣ በአፍ ብቻ ይማሩ ብለው ወሰኑ። በብዙ አገር ልጆቹ የትምህርት ሰዓታቸውን ከንፈር ሲያዩና ድምፅ ለማውጣት ሲታገሉ ጨረሱት፣ ሌላው ትምህርት አመለጣቸው። የዚያው ጉባኤ ተተኪዎች በውሳኔው መጸጸታቸውን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። 130 ዓመት መሆኑ ነው። እዚያም ቢሆን «ለነሱ ስንል ነው» ነበር የተባለው።

«ሂሳብ እኮ በአይን ነው» ለሚለኝ ሰው ሁለት ሰዎች ልጥቀስ። ኒኮላስ ሳንደርሰን የሚባል እንግሊዛዊ በሕፃንነቱ ፈንጣጣ አይኑን ወሰደበት። እ.ኤ.አ. በ1711 ኬምብሪጅ ላይ ቀድሞ ኒውተን የነበረበትን የሂሳብ ወንበር ያዘ፣ እስኪሞት ድረስም አስተማረ። ይባስ ብሎ ስለ ብርሃን ሳይንስ ሌክቸር ያደርግ ነበር። የሚያሰላው ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ላይ ምስማር እየሰካ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ነው። ሁለተኛው አሜሪካዊው አብርሃም ኔመዝ ነው፤ ከልደቱ ጀምሮ አያይም። ሂሳብ ልማር ሲል «ለአይነ ስውር አይሆንም፣ ሳይኮሎጂ ግባ» አሉት። ገባ፣ ማስተርስም ያዘ፣ ግን ልቡ ሂሳብ ላይ ስለነበር ተመልሶ ተማረውና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሂሳብ መምህር ሆነ። ክፍልፋዩንም፣ እኩልታውንም በብሬይል መጻፊያ ዘዴ ያወጣው እሱ ነው። በስሙ ይጠራል፣ አሁንም ይሠራበታል። እንግዲህ «ሳይኮሎጂ ግባ» እና «ሶሻል ግቢ» ምን ያህል ይራራቃሉ?

ብሬይል ራሱ እኮ ቁጥር አለው። የእንግሊዝኛው የመጀመሪያዎቹ አስር ፊደሎች (ከኤ እስከ ጄ) ፊት የቁጥር ምልክት ይደረግና ከ1 እስከ 0 ይሆናሉ፣ በቃ። ለስሌት ዶቃው በራሱ እንዳይንሸራተት ሥሩ ጨርቅ የተነጠፈለት አባከስ የሚባል የዶቃ መቁጠሪያ አለ። ለጂኦሜትሪ ካርቶን ላይ ሲባጎ በሙጫ ለጥፎ ሦስት ማዕዘን መሥራት ይቻላል፣ ክቡንም እንደዚያው። የሳንደርሰንን ሰሌዳ እዚህ ደብረ ብርሃን ማንኛውም አናጺ በጣውላ ይሠራዋል። ዋናው የሚጎድለው የሚያስተምረው ሰው ነው፣ እሱም አይፈረድበትም። የሂሳብ መምህሩ ብሬይል አያውቅም፣ የልዩ ፍላጎት መምህሩ ደግሞ ሂሳብ አላጠናም። መምህራን የሚያሠለጥኑ ተቋማት ሁለቱን ለአንድ ሴሚስተር እንኳ አንድ ክፍል ቢያስቀምጧቸው ምን ይጎዳል?

እናንተ ጋዜጠኞች ስለሆናችሁ እኔ የማልገባበት ቢሮ ትገባላችሁ። ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። ሂሳብ ይቅርላቸው የሚለው የተወሰነው መቼ ነው፣ በየትኛው ደብዳቤ? ሲወሰን አንድ አይነ ስውር እንኳ ስብሰባው ላይ ነበር? የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሂሳብ መጽሐፍስ በብሬይል ይታተማል ወይስ አይታተምም? መልሱን ስታገኙ አውጡት። ለልጅቷ የማነብላት እኔ ነኝ።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን