አረንጓዴው ጥለት

ለልጄ፣

ትናንት ስልኩን ስትዘጊ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። እንዳለቀስሽ አውቄያለሁ። በስልክ እንዳላወራሽ አባትሽ ጣልቃ እየገባ አያስወራንም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

እትዬ ከአሜሪካ ገብታ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ ነው ሠርግሽን መነካካት የጀመረችው። «ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መጥቼ የወንድሜን ልጅ ሳልድር አልመለስም! በቃ በዚሁ በጥር ይሁን፣ ትኬቴን አራዝማለሁ» አለች። አዳራሹ ይቀየር። መልሱ ይቅር፣ ድካም ነው። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ይልበሱ። (ሚዜ መቼ ሌላ ለብሶ ያውቃል? ዝም አልኳት።)

እኛ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያልነው አስበንበት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ መሃል ሠርግ የለም። ከጥምቀት እስከ ቅበላ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የማያገባ ያለ አይመስልም፤ አዳራሹም ቪዲዮ ቀራጩም ተይዟል። ቀብድ ከፍለናል። ዕቁቤም የሚደርሰኝ መጋቢት ላይ ነው።

አባትሽ አንድ ቀን ብቻ ደፍሮ፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ ጠቅሶ «ጋብቻ የሚጸናው በተጋቢዎቹ ፈቃድ ነው» አላት። «ለእኔ ሕግ ትጠቅሳለህ?» ብላ እራት ሳትበላ አደረች። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ያነባል።

እኔ ስዳር አጎቴ ሁለት ቀን ሲቀረው ከደሴ መጣ። የዕድሩን ድንኳን አየና «በሩ ወደ መንገድ ይዙር» አለ። ታላቅ ነው፣ ማን ይናገረዋል? የሰፈሩ ጎረምሶች ነቅለው እንደገና ተከሉት። ግንቦት ነበር፤ በሠርጌ ቀን ዘነበ። ጎርፉ በአዲሱ በር ገብቶ እግሬ ሥር ደረሰ። አጎቴ በማግስቱ ወደ ደሴ ሄደ። ጭቃውን ስታጥብ የሰነበተችው እናቴ ናት። ስንት ዓመት ስናማው ኖርን! እሱ ግን የመሰለውን ነው የተናገረው። ድንኳኑን የነቀልነው እኛ ነን።

ስለዚህ እትዬ ስትደውልልሽ አትሟገቻት። እሺም አትበያት። «ከእማዬ ጋር እንነጋገርበታለን» በያትና ወሬ ቀይሪ። እኔም እዚህ ቡና በተፈላ ቁጥር ይህንኑ ነው የማደርገው።

ደግሞ አትፍረጂባት። አያትሽ ሲቀበሩ አልደረሰችም። አጎትሽ ሲዳር በቪዲዮ ነው ያየችው። አሜሪካ ዕረፍት እንደ ልብ አይገኝም፤ ለሠርጉ ተመልሳ እንደማትመጣ እሷም እኔም እናውቃለን። የሚያንገበግባት እሱ ነው እንጂ ጥርና ሚያዝያ አይደለም።

ትናንት ሽሮ ሜዳ ወሰድኳት። «የመልስ ቀሚሷን አንቺ ምረጪላት» አልኳት። መልሱ ይቅር ያለችው ሴትዮ ስንት ሱቅ አዞረችኝ መሰለሽ! እግሬ አብጧል። ተከራክራ፣ ተቆጥታ፣ ከሱቅ ወጥታ፣ ተመልሳ ገብታ ገዛችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀኑ ትንፍሽ አላለችም።

በረራዋ ሐሙስ ሌሊት ነው። ረቡዕ ደውዪላት። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ እንደማትወጂው ነግሬያት ነበር፣ አልሰማችኝም። አመስግኛት።

እናትሽ