አምስት ካርቶን ቀርቶናል፦ ለሞዴል መኪና ወርክሾፓችን የቀረበ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወላጆችና ወዳጆች፣

የወርክሾፓችን ጣሪያ የወደቀበትን ሌሊት መልሰን አንተርክላችሁም። አብዛኞቻችሁ በማግስቱ መጥታችሁ አይታችኋል፤ ቆርቆሮውን ከሥራ ጠረጴዛዎቹ ላይ ያነሣችሁትም እናንተው ናችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው የመጀመሪያው ጥሪያችን ከታሰበው ግማሽ ሳይደርስ ስለቆመ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጠብቀናል፤ በስብሰባም በየቤቱም አስታውሰናል። የኮሚቴው አባላት ደክመናል፤ ይህን ከእናንተ መሸሸግ አያስፈልግም። ሆኖም አምስት ያልተገጣጠሙ፣ በሬዲዮ የሚነዱ ትንንሽ ሞዴል መኪናዎች ካርቶን ውስጥ ተቀምጠው፣ ልጆቹ በየሳምንቱ «መቼ ነው የምንቀጥለው?» እያሉ ሲጠይቁን ዝም ማለት አልቻልንም።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ድጋፉ የሚገባው በማኅበሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ የውስጥ ሽፋን ላይ ታትሟል። አባል ያልሆናችሁ በወርክሾፑ በር ላይ ከተለጠፈው፣ የማኅበሩ ማኅተም ካረፈበት ማስታወቂያ ታገኙታላችሁ። በማስተላለፊያው ምክንያት ላይ «ለሞዴል መኪና» ብላችሁ ጻፉ።

አሁን ዝናቡ የወሰደውንና የተወውን በዝርዝር እንንገራችሁ፤ «ሁሉም ነገር ጠፍቷል፣ ከዚህ በኋላ መስጠት ምን ይጠቅማል?» የሚል ወሬ ስለሰማን ነው። ሁሉም ነገር አልጠፋም። ከ12ቱ ኪቶች (ተፈታትተው የሚሸጡ፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥማቸው መኪኖች) ሰባቱ ተገጣጥመው ያለቁ ነበሩ፤ ከእነርሱም አምስቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለነበሩ ምንም አልነካቸውም። ሁለቱ ግን ጠረጴዛ ላይ እንዳሉ ወራጁ ወደቀባቸው። የአንደኛው ቦዲ (ፖሊካርቦኔት ከሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ የተሠራው የውጭ ሽፋን) ተሰነጠቀ፤ የሌላኛው ቦዲ ተጨፍልቆ የፊት ጎማውን የሚይዘው የፕላስቲክ ክንድም ተሰበረ። ያልተገጣጠሙት አምስቱ ደግሞ ውኃ የገባበት ካርቶን ውስጥ አደሩ።

ፕላስቲክ ውኃ አይፈራም። ሻንሲውን (ሁሉን የሚሸከመውን የመኪናውን ወለል)፣ የማርሽ ሳጥኑን ክፍሎች፣ ቸርኬዎቹን፣ ገና ከፍሬማቸው (ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ማዕቀፍ) ያልተቆረጡትን ጥቃቅን ዕቃዎች ልጆቹ በለብ ያለ ውኃ አጥበው በፎጣ ላይ አሰጥተዋል፤ አንድም አልተበላሸም። ብሎኖቹም በየከረጢታቸው እንደታሸጉ ስለነበሩ ደኅና ናቸው። የተበላሹት ሌሎች ናቸው። ሦስት ሞተሮች ውስጣቸው ዝጓል። ለብቻቸው ገዝተን በክፍት ሣጥን ያስቀመጥናቸው ኩሽኔታዎች (ዘንግ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርጉት የብረት ቀለበቶች) በጣት ሲዞሩ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻሉ። የሬዲዮ ተቀባዮቹና የፍጥነት መቆጣጠሪያዎቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። የመመሪያ መጻሕፍቱ ገጽ ከገጽ ተጣብቆ እንደ ጡብ ሆነ፤ በቦዲው ላይ የሚለጠፉት ምልክቶችም ቀለማቸው ፈሰሰ። ከሊቲየም ባትሪዎቹ ሁለቱ አብጠው ተገኙ፤ ያበጠ ሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ዳግመኛ ቻርጅ አይደረግም፤ ስለዚህ በጥንቃቄ አስወግደናቸዋል።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ሥራውን ከዜሮ ለመጀመር አይደለም። የእያንዳንዱ መኪና አጥንት አለ፤ የጎደለው ልቡና ጅማቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጠለያው ነው።

ስለ ቀድሞው ወጪ የተነሡትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልሳለን፤ መጠየቃችሁ መብታችሁ ነውና።

የመጀመሪያው «ተገጣጥሞ ያለቀ መኪና ከካርቶኑ ወጥቶ ወዲያው ይነዳል፤ ለምን ኪት ገዛችሁ?» የሚል ነው። መልሳችን ሠሪውና ነጂው አንድ ሰው እንዲሆን ስለፈለግን ነው የሚል ነው። ተገጣጥሞ የመጣ መኪና ግድግዳ ሲመታ ልጁ ያለቅስና ያስቀምጠዋል። ራሱ የገጣጠመው ግን የትኛው ክንድ በየትኛው ብሎን እንደተያዘ ያውቃል፤ ያንኑ ፈትቶ ይቀይራል። የኪት ዓለም የቆመውም በዚህ ላይ ነው። የጃፓኑ የሞዴል ኩባንያ ታሚያ በ1976 እ.ኤ.አ. በ1/12 ልኬት የተሠራውን፣ በሬዲዮ የሚመራውን ፖርሽ 934 ካወጣ ጀምሮ ገዢው ራሱ የሚገጣጥማቸውን መኪኖች እያወጣ ኖሯል፤ በ1984 የወጣችውን፣ ሆርኔት የተባለችውን መኪና ከ20 ዓመት በኋላ መልሶ ለገበያ አቅርቧታል። የተሰበረች ኪት መኪና አትጣልም፤ ትጠገናለች። ወራጁ የሰበረው የፊት ክንድም ከአንድ ትንሽ የመለዋወጫ ፍሬም የሚቆረጥ ቁራጭ ነው።

ሁለተኛው «ለካቻቪቴ ይህን ያህል ምን አስወጣችሁ?» የሚል ነው። በጃፓን ኪቶች ውስጥ ያለው ባለ መስቀል ራስ ብሎን በጃፓን ደረጃ የተቀረጸ ነው። ተራው ባለ መስቀል ካቻቪቴ ጫፉ በልኩ ስለማይገጥም ጠበቅ ሲደረግ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይልጠዋል፤ ራሱ የተላጠ ብሎን ደግሞ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የመጀመሪያዋን መኪና ስንሠራ አራት ብሎኖች በዚህ መንገድ አበላሽተናል። ትክክለኛዎቹን ካቻቪቴዎች ከገዛን በኋላ ግን አንድም አልተላጠም። ካቻቪቴዎቹ ዛሬም አሉ፤ ለሚመጡት ልጆችም ይሆናሉ።

ሦስተኛው ስለ ኩሽኔታ ነው። ብዙ ኪቶች በጎማና በማርሽ ዘንጎች ላይ ከሚገባው ኩሽኔታ ይልቅ የፕላስቲክ ቀለበት ይዘው ይመጣሉ። ቀለበቱ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ አቧራ ሲገባበት ግን ዘንጉን ይበላዋል፤ ሞተሩም ያለ አግባብ ይደክማል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። የውስጥ ስፋቱ 5፣ የውጭ ስፋቱ 11፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነውን ኩሽኔታ ገዝተን ከመጀመሪያው መግጠማችን ብክነት አልነበረም። በኋላ ለመግጠም መኪናውን በሙሉ መፍታት ያስፈልጋልና።

አራተኛው ከባዱ ነው። ስለ ሊቲየም ባትሪዎቹ፣ ስለ ውዱ ቻርጀርና ስለ እሳት መከላከያ ከረጢቱ የተነሣው ነው። ባለ ሁለት ሴል (ባለ ሁለት ክፍል) ሊቲየም ባትሪ እያንዳንዱ ሴሉ ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት፣ ከ3.0 ቮልት በታችም መውረድ የለበትም፤ ሲቀመጥ ደግሞ 3.8 ቮልት አካባቢ ሆኖ ነው። ይህን የሚያመዛዝን ቻርጀር ሳይኖር በልጆች መካከል መጠቀም አደጋ ነበር፤ ስለዚህ ቻርጀሩንና ከረጢቱን መግዛታችንን አንጸጸትበትም። ባትሪዎቹን መምረጣችን ግን ለጀማሪ የሚበጅ አልነበረም፤ የመከሩንን አባላት መስማት ነበረብን። ከአሁን በኋላ ለጀማሪዎች የምንገዛው ባለ 7.2 ቮልቱን የኒኬል ባትሪ ነው፤ ስድስት ባለ 1.2 ቮልት ሴሎች ያሉት፣ የልጅ ስሕተትን የሚታገሥ።

አንድ ሌላም እንናገራለን። ጣሪያው ማንጠባጠብ የጀመረው ከመውደቁ ብዙ ቀደም ብሎ ነበር። ኮሚቴው ተወያይቶ «ቀሪዎቹን ኪቶች እናስቀድም፣ ጣሪያው ይደርሳል» ብሎ ወሰነ። ይህ ስሕተት ነበር፤ የእኛ ስሕተት እንጂ የማንም አይደለም። ባልዲ እየደቀንን የሰነበትንበትን ጥግ ስናስበው ዛሬም ያሳፍረናል። ስለዚህ በዚህ ዙር መጀመሪያ የሚገባው ገንዘብ በሙሉ ለወራጅና ለቆርቆሮ ይውላል። ጣሪያው ሳይከደን አንድ ማርሽ እንኳ አይገዛም።

እስካሁን በእጃችሁ ድጋፍ የተሠራውን ደግሞ አትርሱት። ሥራውን የጀመርነው በአንድ ኪትና በአንድ ጠረጴዛ ነበር። ልጆቹ የመጀመሪያውን ሳምንት የፈጁት በዲፈረንሻሉ (ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ በሚያደርገው የማርሽ ክፍል) ብቻ ነው፤ ትንንሾቹን ጥርሶች በግሪስ እየቀቡ፣ አንዱን ጎማ በእጅ ሲያዞሩ ሌላው በተቃራኒው ለምን እንደሚዞር እርስ በርሳቸው እየተከራከሩ። አሞርዛተሮቹን (ንዝረት የሚያበርዱትን) በሲሊኮን ዘይት ሲሞሉ ፒስተኑን ቀስ ብለው ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ የአየር አረፋው እስኪወጣ መጠበቅን ተማሩ። መጠበቅ ለልጅ እንዴት ከባድ እንደሆነ የምታውቁ ወላጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ የሞተሩን ትንሿን ማርሽ ከትልቋ ጋር ስታገናኝ በመካከላቸው ቀጭን ወረቀት አስገብታ ብሎኑን ካጠበቀች በኋላ ወረቀቱን አወጣችው፤ የቀረው ክፍተት ልክ የሚፈለገው ነበር። ዛሬ ለታናናሾቿ ይህን የምታሳየው እርሷ ናት፤ እኛ አዋቂዎቹ ዳር ቆመን እናያለን።

ቦዲውን መቀባትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ፖሊካርቦኔቱ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ስለሆነ የሚቀባው ከውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከውጭ ሲታይ ከላይ የሚሆነው ቀለም መጀመሪያ ይቀባል፤ ጥቁሩ ከነጩ ይቀድማል። አንድ ልጅ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ሁለት ቀን አዝኖ ነበር። መኪናዋ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ስትነካ ኀዘኑን ረሳው። በእጅ የሚያዘውን የሬዲዮ መቆጣጠሪያ አስቀድሞ አብርቶ፣ መኪናዋን ቀጥሎ አብርቶ፣ መሪው መሃል ላይ መቆሙን አይቶ፣ ቀስ ብሎ ነካት። በግቢው የነበረው ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያያት ነበር።

ያንን ቀን አምስት ተጨማሪ ልጆች እንዲያዩት ነው የምንለምነው። ኪት ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሬዲዮው፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ ሞተር፣ ባትሪውና ቻርጀሩ አይገኙም፤ ይህን ያልተረዱ አባላት «ኪቱ ተገዝቶ የለም ወይ፣ ሌላ ምን ቀረ?» ሲሉ ሰምተናል። የቀረው ይህ ነው። በአምስቱ መኪኖች ልክ የመቆጣጠሪያና የተቀባይ ጥንድ፣ ሰርቮ ሞተር፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያና የኒኬል ባትሪ ያስፈልገናል። በተጨማሪም ሦስት ሞተሮች፣ ለአምስቱም ኩሽኔታ፣ ሁለት አዲስ ቦዲዎች፣ አንድ የፊት ክንድ ፍሬም እንፈልጋለን። ቻርጀሩ ተርፏል። መመሪያዎቹን ከአንድ አባል ኮምፒውተር አትመናቸዋል፤ እነርሱን አትግዙ። በቤቱ የማይጠቀምበት ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ጥንድ ያለው ሰው ዕቃውን ራሱን ቢያመጣልን እንደ ገንዘብ ተቆጥሮ በመዝገብ ይሰፍርለታል፤ ደረሰኝም ይቀበላል።

ብዙ መስጠት የማትችሉ ትንሽ ስጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያሻንም። የሰጠ እጅ በፈጣሪ ዘንድ እንደማይረሳም ከወላጆቻችን ሰምተን አድገናል። ገንዘብ የሌላችሁ ደግሞ ጉልበታችሁን ስጡ፤ ወራጅ የሚያነሣ፣ ሚስማር የሚመታ፣ የተበየደ ሽቦ የሚፈትሽ ሰው ያስፈልገናል።

አሁንም ስለ ገንዘቡ ደግመን እንናገራለን። ለኮሚቴ አባል በእጅ አትስጡ፤ ለሰብሳቢውም ቢሆን። የሒሳቡ ባለቤት ሆኖ የሚታየው የማኅበሩ ስም ነው፤ የግለሰብ ስም ከመጣባችሁ ቁጥሩን ተሳስታችኋልና አቁሙና ከደብተራችሁ ጋር እንደገና አመሳክሩ። ከሒሳቡ ገንዘብ የሚወጣው ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና ኦዲተሩ ሦስቱም ሲፈርሙ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዙር ገቢና ወጪ ከነደረሰኞቹ በወርክሾፑ በር አጠገብ ተለጥፏል፤ ዝናብ እንዳይነካው በፕላስቲክ ሸፍነነዋል።

በአምስቱ ካርቶኖች ላይ የልጆቹ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎ ነበር፤ ውኃው አጥፍቶታል። ባለፈው ሳምንት መጥተው በአዲስ ካርቶን ላይ ደግመው ጽፈውታል።

የሒሳብ ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ የውስጥ ሽፋን ላይ ነው። ምክንያቱ «ለሞዴል መኪና» የሚል ይሁን። የማስተላለፊያውን ደረሰኝ ለገንዘብ ያዡ ማሳየትን አትርሱ።

የማኅበሩ የሞዴል መኪና ሥራ ኮሚቴ