ስምሽን ሳልጠራ

እህት ዓለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? እናትሽስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ብቅ ብዬ ይህን ሳልጠይቅ ዛሬ ብድግ ብዬ ስጠይቅ ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። ብትዪም እውነትሽን ነው።

ስምሽን አልጻፍኩም። አድራሻም የለበትም። ታናሽ እህቴ በእጇ ታደርስልሻለች። በቴሌግራም ልጽፍልሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ፣ ጣቴ እምቢ አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ነበርኩ። ብርሃንና ሰላም አካባቢ አንድ አዛውንት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የተከራዩትን ጋዜጣ ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ያነባሉ። ቆሜ አየኋቸው። በሰጠሽኝ ወረቀት የጻፍኩት ጽሑፍ ጋዜጣ ላይ የወጣ ቀን እኔና አንቺም እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሰው ሲያነበው ሰርቀን እናይ ነበር። ክንዴን ቆንጥጠሽ "አየሽ፣ ተመልሶ አነበበው" አልሽኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም።

ከዚያ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ፒያሳ ወጣሁ። ማኪያቶ የምንጠጣባት ቤት የለችም። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ አብራ ሄዳለች፣ ቦታዋን እንኳ በግምት ነው የለየሁት። የመሥሪያ ቤትሽን ወረቀቶች ከዳቦ ጋር በፌስታል አድርገሽ የሰጠሽኝ እዚያ ነበር። 11 ገጽ። ለአንድ ጀነሬተር ሁለት ጊዜ እንደተከፈለ፣ የጨረታው ቃለ ጉባኤም ስብሰባው ሳይካሄድ እንደተፈረመ የሚያሳዩ። "ዛሬ ዝም ካልኩ ነገ ፊርማው የኔ ይሆናል" አልሽኝ። ሌላ ምንም አላልሽም። ገንዘብ አልፈለግሽ፣ ስም አልፈለግሽ።

እንግዲህ የማታውቂውን ልንገርሽ። እስከ ዛሬ ያጋለጠሽ ስልኩ ብቻ ይመስልሻል። ከስልኩ በፊት ግን እኔ ነኝ።

ጽሑፉ ሳይወጣ የመሥሪያ ቤቱን መልስ ማካተት ነበረብኝ። እሱ ትክክል ነው፣ ዛሬም አደርገዋለሁ። ግን ጥያቄዬን ብቻ ይዤ መሄድ ስችል ኮፒውንም ይዤ ሄድኩ። የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ በጨዋ ደንብ ተቀበለኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። እዚያ ገጽ ላይ፣ ከሁለተኛው ክፍያ ቁጥር ጎን፣ ያቺ ራይትሽ አለች። ሒሳብ ስታመሳክሪ በአረንጓዴ እስኪርቢቶ የምታደርጊያት፣ ጭራዋ ወደ ታች የሚጠመዘዘው። ኮፒ ሲደረግ አረንጓዴው ጥቁር ሆኗል፣ ቅርጿ ግን ያው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ጀምሮ በደብተርሽ ሁሉ አውቃታለሁ። እሱ ሲያያት ነው እኔም ያየኋት። "አንድ ኮፒ ላስቀርና ልመልስልሽ?" አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ አልኩት እኮ! ወረቀቱን ይዞ ወጣ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አልተመለሰም።

ያን ቀን ማታ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ምናልባት ልብ አላለውም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ኋላ ላይ የሪያሊቲ ዊነርን ጉዳይ በደንብ ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የ25 ዓመት ልጅ ናት፣ ለአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በኮንትራት ትሠራለች። የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ የአሜሪካን ምርጫ ሥርዓት እንዴት ለመስበር እንደሞከረ የሚናገር ሰነድ አትማ ዘ ኢንተርሴፕት ለሚባል የዜና ድረ ገጽ በፖስታ ላከች። ጋዜጠኞቹ እውነተኛነቱን ለማጣራት ቅጂውን ለራሱ ለመንግሥት አሳዩ። ወረቀቱ የመታጠፍ ምልክት አለው፣ ስለዚህ ከቢሮ ታትሞ የወጣ ነው ተባለ። ማን አተመው? 6 ሰዎች። ከስድስቱ ከሥራ ኮምፒውተሯ ለዚያ ሚዲያ ኢሜይል የላከችው ማን ናት? አንዷ። በቃ። 5 ዓመት ከ3 ወር ፈረዱባት። የሚዲያው ኃላፊ በኋላ አሠራራችን ጉድለት ነበረበት ብላ አመነች። እሷ እንኳ በይፋ አመነች። እኔ ለአንቺ ለአንዷ ሳልናገር አራት ዓመት ሞላኝ።

ስልኩም ቢሆን የኔ እዳ ነው። ዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ያስቀመጡልሽ የቢሮውን ስልክ የጥሪ ዝርዝር አልነበር? ከጠረጴዛሽ ወደ እኔ ቁጥር በአንድ ሳምንት 14 ጊዜ። ግማሹን እኔ ነኝ "መልሰሽ ደውዪልኝ" ያልኩሽ፣ ካርድ አልቆብኝ። ምን እንዳወራን ማንም አልሰማም። ሊሰማም አላስፈለገውም። ሰው ስለላ ሲባል ትዝ የሚለው መስመር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ጆሮ ጠቢ ነው፣ ለዚህ ነው ነገሩን በቅኔ የምናወራው፣ "ያ ዕቃ መጣ?" ምናምን እያልን። ዝርዝሩ ግን ቅኔ አያውቅም። ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ። ሌሊት 8 ሰዓት ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ፣ ጠዋት ለጠበቃ፣ ቀጥሎ ለጋዜጠኛ ብትደውዪ ቃላቱን መስማት ማን ይፈልጋል?

የዚያው ኤጀንሲ የኮንትራት ሠራተኛ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን እ.ኤ.አ. ሰኔ 2013 ካወጣው ምስጢር መጀመሪያ የታተመው ይኸው ነበር። ቬራይዘን የተባለው የስልክ ኩባንያ የደንበኞቹን የጥሪ ዝርዝር በየቀኑ ለደኅንነቱ እንዲሰጥ የሚያዝ የምስጢር ፍርድ ቤት ትእዛዝ። ድምፅ የለም፣ ዝርዝር ብቻ፣ ግን የሚሊዮኖች። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ የስለላው የበላይ ኃላፊ ጄምስ ክላፐር ሴኔት ፊት የሚሊዮኖችን መረጃ ትሰበስባላችሁ ወይ ተብሎ "የለም" ብሎ ነበር። እሱ አልተከሰሰም። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት ያ የመረጃ አሰባሰብ ሕገወጥ ነበር አለ። ያወጣው ሰውዬስ? ሞስኮ። ፓስፖርቱ ተሰርዞ ሸረሜትዬቮ አየር ማረፊያ ከአንድ ወር በላይ ተቀምጦ የቀረባት ሞስኮ። ክሱ እንዳለ ነው። ይህን ሳስብ አንቺ ትመጪብኛለሽ። የጀነሬተሩ ነገር ታርሟል፣ ገንዘቡ ተመልሷል ሲባል ሰምቻለሁ። አንቺን ግን ማን መለሰሽ?

እኔን በግሌ የነካኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። ስኖውደን መጀመሪያ የጻፈው ለጋዜጠኛው ለግሌን ግሪንዋልድ ነበር፣ ኢሜይልህን በምስጢር ቁልፍ ቆልፈው፣ የምነግርህ አለ ብሎ። ሰውዬው ሥራ በዛበት፣ የመቆለፊያው ፕሮግራምም ተንዛዛበት፣ ተወው። ስኖውደን የዘጋቢ ፊልም ሠሪዋን ላውራ ፖይትራስን ባይሞክር ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። አንቺም "ሌላ ሲም ካርድ ላውጣ?" ብለሽኝ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? "ምን የሚያስደብቅ ነገር አለን!" አልኩሽ። ከድፍረት አልነበረም። ሚያዝያ 2006 የዞን 9 ጦማርያን ሲታሰሩ ከክሱ ውስጥ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ራስን ከስለላ የመጠበቅ ሥልጠና ወስዳችኋል የሚል እንደነበር ከአእምሮዬ አልወጣም። የሽብር ክሱ ኋላ ፈረሰ፣ ፍርሃቱ ግን እኔ ውስጥ ቀረ። በር መዝጋት በራሱ ሌብነት የሚያስመስል መሰለኝና በሩን በርግጄ ተውኩት። ዋጋውን አንቺ ከፈልሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አናዶኛል። ከሥራ ስትወጪ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ምን ሲሉሽ ነበር? "ጠቋሚ።" የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚልሽም ይህንኑ ነው። ከልብ ሰውን ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ ሊሆን ይችላል፣ ቃሉ ግን እናትሽ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በደርግ ጊዜ ጎረቤቱን ለቀበሌ የሚያሳይ ሰው ነው ጠቋሚ። ስሙ ሲነሣ ሰው ፊቱን የሚያዞርበት። እሱ ደካማውን ለጉልበተኛ ያሳያል፣ አንቺ ጉልበተኛውን ለሕዝብ አሳየሽ፣ እንዴት ነው በአንድ ስም የምትጠሩት? ኤዲተራችን ፊት ሳይቀር ተሟግቻለሁ። ጋዜጣ ላይ "ምንጭ" እንላለን፣ እሱ ይሻላል። ውሃ ነው፣ ሰው ይጠጣበታል። እኔ ጠጥቼ አደፈረስኩት።

ስልክ ያልደወልኩት መጀመሪያ ላይ አንቺን ላለማስጠርጠር ነበር። እውነቴን ነው። ከስድስት ወር በኋላ ግን ያ ምክንያት አልነበረም፣ ኀፍረት ነበር። ሰፈርሽ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቼ ከሱቁ ተመልሻለሁ። በዚያ ጽሑፍ ሰው "ጎበዝ" ሲለኝ ከረመ፣ አንቺ ክሊራንስ ለማግኘት ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተቺ።

የዚያን ጊዜ ማስታወሻ ደብተሬ አለ። ሰውዬው ምን እንዳለኝ፣ በስንት ሰዓት፣ ኮፒውን መቼ እንደወሰደ፣ ሁሉም ተጽፏል። ስንብትሽን ይግባኝ ብለሽ ከሆነ ወይም ልትዪ ካሰብሽ ምስክር ሆኜ እቆማለሁ። ግን ሰነዱን የሰጠሽኝ አንቺ መሆንሽን እኔ በአፌ ሳረጋግጥ ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ ያለ ፈቃድሽ ለማንም አላደርገውም። እስከ ዛሬ ለኤዲተሬም ስምሽን አልነገርኩም። ስለዚህ ወሳኟ አንቺ ነሽ። አይሆንም ካልሽም ይገባኛል፣ ደብተሩን ላንቺ እሰጥሻለሁ።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት አራት ኪሎ፣ ያው ድንጋይ ላይ እጠብቅሻለሁ። ባትመጪ በሚቀጥለውም ቅዳሜ እመጣለሁ። ስልኬን ቤት ትቼ ነው የምመጣው፣ አንቺም ተዪው። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።