የተፈጥሮ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «እንዳትረግጡ!»

በመምህራን ማረፊያ ክፍል «ወፍ ቆጣሪዎቹ» እንደምንባል አውቃለሁ። ይሁን። ዘንድሮ ግን የቆጠርነው ወፍ ሳይሆን ቤት ነው፤ መሬት ላይና ውኃ ዳር ያለውን የዱር እንስሳት ቤት።

ዓርብ ዓርብ ተሰበሰብን፣ ሊቀመንበር መረጥን፣ ቃለ ጉባኤ ያዝን። እሱን እንለፈው።

የማልረሳው ወደ ወንዙ የወረድንበትን ቅዳሜ ነው። ጠጠሩን እያቋረጥን ሳለ፣ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «እንዳትረግጡ!» ብላ ጮኸች። ባለንበት ደረቅን። ከጫማዬ አንድ ስንዝር እልፍ ብሎ አራት እንቁላሎች ነበሩ። ጎጆ የለ፣ ሣር የለ፤ ጠጠሩ ጫር ጫር ተደርጓል፣ በቃ። ሾጣጣ ጫፋቸው ወደ መሐል ዞሯል፤ ነጠብጣባቸው ከጠጠሩ አይለይም። እናትየዋ ፈንጠር ብላ ክንፏን እየጎተተች ትንፏቀቃለች። ወንዶቹ «ተሰብራለች!» ብለው ሊሮጡ ሲሉ፣ ያቺው ልጅ «ውሸቷን ነው፤ እንድንከተላት ነው» አለች። እውነትም ራቅ ስንል ወፊቱ ብድግ ብላ በረረች። እኔ አስተማሪው እንቁላሎቹን አላየሁም ነበር።

ሣሩ ውስጥ የዱር ጥንቸል የተኛችበትን ጎድጓዳ አገኘን። በእጃችን ስንዳስሰው ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም። ከገደሉ ላይ ደግሞ የዓሣ አጥማጅ ወፍ ጉድጓድ አለ። ወደ ውስጥ ሽቅብ ስለሚሄድ ውኃ አይተኛበትም። እጃችንን አላስገባንም፤ ጠረኑ ይበቃል። የዚህች ወፍ እንቁላል ነጭ ነው ስላቸው «የዚያችኛዋ ለምን ዥንጉርጉር ሆነ?» ተባልኩ። ጨለማ ውስጥ ያለ እንቁላል መልኩን ከማን ይደብቃል?

ሁሉም አልተሳካም። ሁለተኛው ጉዞ በዝናብ ቀረ። ያ ጉድጓድም አሸዋ ሲወጣ ተናደ። ያለን የርቀት መነጽር አንድ ነው፤ እሱም በአንድ ዓይኑ ብቻ ያሳያል። የኳስ ቡድናችን አዲሱ መለያ እንደሚያምርበት አልክድም። እኛ የጠየቅነው ግን ሁለት መነጽር ነበር። ቅንጦት አይደለም። ቀርበን በቆምን ቁጥር እናት ወደ እንቁላሏ አትመለስም፤ እንቁላሉን ፀሐይ ይመታዋል።

ከአራት ሳምንት በኋላ ስንመለስ እንቁላሎቹ የነበሩበት ጠጠር ባዶ ነበር። እንዲህ ያሉ ጫጩቶች በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ በእግራቸው ይሄዳሉ። ልጅቷ ተንበርክካ የቅርፊት ስባሪ ፈለገች፤ አጣች።

«ሄደዋል ማለት ነው፣ ቲቸር?»

«ይመስለኛል» አልኩ።

መነጽሩን በደህናው ዓይን በኩል አድርጋ ማዶውን ስትፈልግ ቆየች።