ሲሞቅ የሚሞት፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ቦቢና

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ «አሮጌ መኪናዬ መንገድ ላይ እየቆመች አስቸገረችኝ፣ ቤንዚኑ ውሃ አለው» ብለው ሲያማርሩ አነበብኩ። ሊሆን ይችላል። እኔም ሰባት ወር ሙሉ ቤንዚኑን ስረግም ከርሜያለሁ። እሳቸው ታንከራቸውን ከማሳጠባቸው በፊት የኔን ጉድ ይስሙልኝ፤ የኔ ጥፋተኛ ቤንዚኑ ሳይሆን ቦቢናው ነበር፣ የባትሪውን ኤሌትሪክ አጠንክሮ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠው ዕቃ።

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ሲያርፍ የተወልኝ አንድ ቮልስ አለችኝ፤ ከልጆቼ ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ገበያ ደርሼ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ምንም አትል። የጅሬንን ዳገት ስወጣ ወይም ወደ አጋሮ ስሄድ ግን ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ አንዴ ትንቀጠቀጥና ቀጥ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ጥላ ስር ተቀምጬ ስመለስ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

ጋራዥ ስትደርስ ደግሞ ቀዝቅዛለች፤ እንደ ሰዓት ትሠራለች። «እትዬ፣ ምንም የላትም እኮ!» ይሉኛል። ካርቡራቶር ጠረጉ። የቤንዚን ፓምፕ ቀየሩ። እሳቱ የሚፈነጥቅበትን ካንዴላ አራቱንም ቀየሩ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ግን አንዳቸውም አልለኩም።

የደረሰልኝ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን የጎረቤቴ ልጅ ነው። «ስትቆም ምንም አይንኩ፣ ይደውሉልኝ» አለኝ። ጅሬን ዳገት ላይ ቆመች፤ ኤሌትሪክ የሚለካበትን ቴስተር ይዞ በባጃጅ መጣ። የኋላውን ኮፈን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያንጠባጥብ ቤንዚን አለመኖሩን አየ። ከቦቢናው የሚመጣውን ወፍራም ገመድ እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ነቅሎ፣ በደረቅ ጨርቅ ይዞ፣ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሳንቲ ያህል አራቀው። እኔ ቁልፍ አዞርኩ። ሰማያዊ እሳት መዝለል ነበረበት። ምንም የለም! ችግሩ ቤንዚኑ ቢሆን ኖሮ እሳቱ አይጠፋም ነበር።

«የቦቢናውን ኤሌትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ፑንቲና፣ አጋዡ ኮንደንሰርም እንዲህ ያደርጋሉ» አለና ቁልፉን አስጠፍቶኝ ቦቢናውን ለካ። ቴስተሩ የውስጡን ቀጭን ሽቦ ጨርሶ አላነበበም። ከዚያ ነጠላዬን እያየ «ይቅርታ እትዬ» ሲል ገባኝ። ጫፉን በውሃ አርሶ፣ ጨምቆ፣ ከላይ ያሉትን ገመዶች ሳያስነካ ቦቢናው ላይ ጠመጠመው። ትንሽ እንፋሎት ወጣ። ጠበቅን። ገመዱን መለሰ፣ ቁልፍ አዞርኩ፣ ተነሳች! ከቦቢናው በቀር ያቀዘቀዝነው ነገር የለም። ነጠላዬ እስከ ዛሬ ዘይት ዘይት ይሸታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦቢና ውስጥ ከፀጉር የማይወፍር ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። ሲያረጅ አንድ ቦታ ሊበጠስ ይችላል። ቀዝቃዛ ሳለ ጫፍና ጫፉ ይነካካል፤ ሲሞቅ ይላቀቃል። የቮልስ ቦቢና ደግሞ ሞተሩ አናት ላይ ነው የተቀመጠው። ማታ ቤት ቀዝቅዞ ሲለካ የዚያው ቦቢና ቀጭን ሽቦ 9,000 ኦም (ሽቦው ኤሌትሪክን የሚገድብበት ልክ) አነበበ፤ ጤነኛ ይመስላል። ጋራዦቹን ያታለላቸው ይኸው ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አዲስ ቦቢና ገዛሁ። ባለሱቁ «12 ቮልት ነው፣ ይገጥማል» አለኝ። እውነትም ገጠመ። በሁለት ሳምንት ግን እጅ የማያስነካ ሆነ፤ ፑንቲናውንም አጠቆረው። ልጁ አገላብጦ ሲያየው ለካ ከውጭ ከሚገጠም ሬዚስተር፣ ኤሌትሪኩን ከሚቀንስ ዕቃ፣ ጋር ብቻ የሚሠራ ነው! የኔ ቮልስ ሬዚስተር የላትም፤ ሌላኛው የውስጥ ሽቦው፣ የባትሪው ኤሌትሪክ የሚያልፍበት፣ 3 ኦም ገደማ የሆነ ቦቢና ነው የምትፈልገው። ይኼኛው 1.5 ነው። 12ን ለ3 ሲያካፍሉ 4 አምፔር፣ ለ1.5 ሲያካፍሉ 8። እጥፍ ነው!

የልጅ ልጄም ከወቀሳ አልተረፈም። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፍ ከፍቶ ሬዲዮ ማዳመጥ ይወዳል። ፑንቲናው ገጥሞ ከቆመ በቦቢናው ውስጥ ኤሌትሪክ ሳያቋርጥ ያልፋል፤ ይጠብሰዋል። አሁን ቁልፉን ደብቄያለሁ።

መለዋወጫ ለምትሸጡ ወንድሞቼ አንድ ልመና አለኝ፦ ባንኮኒያችሁ ላይ አንድ ቴስተር አስቀምጡልን። ገዢው ሳይከፍል ይለካ። የተገጠመ የኤሌትሪክ ዕቃ አንመልስም እያላችሁማ፣ ሳንገጥም በምን እንወቀው?

ሦስተኛውን ቦቢና የጎረቤቴ ልጅ ሱቅ ድረስ መጥቶ ለክቶ ገዛን። ባለሱቁ ትንሽ ተኮሳተረ። 3.2 ኦም አለ። ባለፈው ቅዳሜ አጋሮ ደርሼ ሳልቆም ተመለስኩ።

የቮልሷ ባለቤት
ከጅማ