ስለ አንዲት «ም»

ለአዘጋጁ፤

ባለፈው እሑድ ስለ አጋንንት ያወጣችሁትን ረጅም ዘገባ አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ባለቤቴ «እስቲ ጮክ ብለህ አንብብልኝ፣ ምን እንዲህ ያናድድሃል?» ስላለችኝ። ሰው ሁሉ ስላየው ይዘቱን አልደግምም። ጠቤ ከአንዲት ፊደል ጋር ነው።

«በክርስትና እምነት የአጋንንት አለቃ ከሰማይ የተጣለው ሉሲፈር ነው፤ በኢትዮጵያም ሳጥናኤል የሚባል የአካባቢ አፈ ታሪክ አለ» ትላላችሁ። «በኢትዮጵያም» ላይ የተለጠፈችውን «ም» አያችኋት? እሷን ነው የምላችሁ። ክርስትና ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ እኛ በ«ም» ተጎትተን ገባን። እነሱ እምነት አላቸው፣ እኛ አፈ ታሪክ። ለቤቱ ቀጋ፣ ለውጭ አልጋ ማለት ይሄ አይደል?

ለመሆኑ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቢሯችሁ አለ? ካለ ኢሳይያስ 14፥12ን ግለጡት። «የንጋት ልጅ አጥቢያ ኮከብ» ይላል። ሉሲፈር የሚባል አታገኙም፣ አልገባም። ንግግሩም ከላይ ጀምሮ በባቢሎን ንጉሥ ላይ የተነገረ ነው። ዕብራይስጡ «ሄሌል» ያለውን የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ «ሉሲፈር» አለው፤ ብርሃን አምጪ ማለት ነው፣ የንጋት ኮከብ መጠሪያ። ያው የላቲን መጽሐፍ በ2ኛ ጴጥሮስ 1፥19 በልባችሁ ይወጣል የተባለውን የንጋት ኮከብም በዚሁ ቃል ነው የጠራው። አባቶች የኢሳይያስን ቃል ለዲያብሎስ መተርጎማቸውን አውቃለሁ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን በአማርኛ ለአማርኛ አንባቢ ስትጽፉ የላቲኑ ስም «እምነት» የሆነው፣ እናቴ የምታውቀው ስም «አፈ ታሪክ» የሆነው በማን ፍርድ ነው?

ደግሞ ልጨምርላችሁ። በ4ኛው መቶ ዘመን በሰርዲንያ ደሴት የካልያሪ ጳጳስ የነበረው ሰውዬ ስሙ ማን ነበር መሰላችሁ? ሉሲፈር። በ355 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በሚላኖ ጉባኤ ላይ ለአትናቴዎስ ተከራክሮ ነው ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ ለስደት የዳረገው። አትናቴዎስ ማለት አባ ሰላማን፣ ማለትም ፍሬምናጦስን፣ ጳጳስ አድርጎ የላከልን የእስክንድርያው ፓትርያርክ ነው። ያው ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስን መልሱልኝ ያለው ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሉሲፈር ከእኛው ወገን ነበር! ይህን ብትጽፉ እንዴት ያለ ዜና ይወጣው ነበር።

አሁን ወደ ብሶቴ ልግባ። ጋዜጠኛችሁ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ጫማውን በር ላይ ነው ያወለቀው። «ጋሼ፣ ስለ አጋንንት አመጣጥ የቤተ ክርስቲያኒቱን ትምህርት ከሚያውቅ ሰው ልስማ ብዬ ነው» አለኝ። ቡና ተፈላ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ጠጣ። ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጦ ቀዳኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራሁለት። ሊቅ ነኝ አላልኩትም። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ እኔም ጎጃም ቆሎ ተማሪ ሆኜ ቅኔው ላይ ነው ያቋረጥኩት፤ አሁን ደብተርና እስክሪብቶ ነጋዴ ነኝ። ግን ይቺን ትምህርት እንኳን እኔ፣ አብሮኝ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃታል።

የነገርኩት ይኸው ነው። በዕለተ እሑድ እግዚአብሔር ስምንት ፍጥረታትን ፈጠረ፤ መላእክት ከስምንቱ አንዱ ናቸው። መቶ ነገድ አድርጎ ፈጠራቸውና ተሰወረባቸው። ለምን ቢባል፣ መርምረው እንዲያገኙት። ብርሃን ገና የለም፣ ጨለማ ነው። እርስ በርስ «ማን ፈጠረን?» ተባባሉ። ሳጥናኤል አቅራቤ ስብሐት ነው፣ የመላእክትን ምስጋና የሚያቀርብ፣ ከሁሉ በላይ የተሾመ። ወደ ላይ ቢያይ ማንም አይታየውም፣ ወደ ታች ቢያይ ሁሉም ከእሱ በታች ነው። «እኔ ፈጠርኳችሁ» አለ። በቃ፣ ነገሩ የተበላሸው እዚህች ላይ ነው። አንዳንዱ እውነቱን ነው አለ፣ አንዳንዱ ይሆን ወይስ አይሆን ብሎ ተጠራጠረ፣ አንዳንዱ አይደለም አለ።

አባቴ ይቺን የሚያስተምሩት ማታ ነበር። መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጡና ኩራዙን እፍ ብለው ያጠፉታል። ጋዝ ለመቆጠብ ይመስለን ነበር። ከዚያ በድቅድቅ ጨለማ «ማን ፈጠራችሁ?» ይሉናል። እኛ ጭጭ። ድምፃቸውን አወፍረው «እኔ ነኝ!» ሲሉ ትንንሾቹ እርስ በርስ ይተቃቀፋሉ፤ አንዱማ አንድ ቀን አልቅሷል። ይሄኔ ከጥግ አንድ ትልቅ ተማሪ «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» ይላል። የቅዱስ ገብርኤል ቃል ነው፤ አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በየተፈጥሯችን ጸንተን እንቁም ማለት ነው። ክብሪት ይጫራል፣ ኩራዙ ይበራል። «ብርሃን ይሁን!» ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ የክብሪቱ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ይህን ስነግረው የልጁ ዓይን በርቶ ነበር። አሳታሚ ክፍል ደርሶ ነው መሰለኝ የጠፋው።

እስቲ ሁለቱን አስተያዩ። በእናንተ ዘገባ አንድ ያማረ መልአክ በውበቱ ኮራ፣ ዙፋን ፈለገ፣ ተጣለ። በእኛ ትምህርት ደግሞ የመጀመሪያው ኃጢአት ውሸት ነው፣ ያውም ማንም ሊያጣራው በማይችልበት ሰዓት የተነገረ። ጋኔን ሆኖ የተፈጠረ የለም፣ ሁሉም መላእክት ነበሩ፤ ከሐሰተኛው ጋር የቆሙት ናቸው አጋንንት የሆኑት። ክርስቶስ በዮሐንስ 8፥44 ዲያብሎስን «የሐሰት አባት» ሲለው አባቴ «አየህ፣ የመጀመሪያዋን ቃሉን ነው የሚያስታውሰው» ይሉ ነበር። ገብርኤልን ደግሞ እኔ አዘጋጅ አድርጌ ነው የማየው። እስክናጣራ እንቁም ነው ያለው። ከእናንተ መካከል አንድ እንደሱ ያለ ጠፋ?

የጠፋው ገብርኤል ብቻ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። በዘገባችሁ ላይ ማን ሰፊ ቦታ እንደተሰጠው ቆጥሬያለሁ። አንድ ጸበል ቦታ በአንዲት ሴትዮ ላይ የጮኸው መንፈስ ሦስት አንቀጽ ተሰጥቶታል! «እኔ የሉሲፈር ሠራዊት ነኝ» እያለ ትውልዱን ሲያስረዳ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብታችሁለታል። ፊልም ያያል መሰለኝ። ጋኔኑ ሦስት አንቀጽ፣ እኔ ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም ስሜ ሳይነሳ። ማርቆስ 1፥34 ጌታ አጋንንትን እንዳይናገሩ እንደከለከላቸው ይናገራል፤ እናንተ ማይክ ሰጣችኋቸው። የሐሰት አባት ልጅ ስለ ዘሩ የሚሰጠውን ምስክርነት ማን ያጣራዋል? ሴትዮዋን አይደለም የምናገረው። እሷን እግዚአብሔር ይማራት፤ ፎቶዋንም ባታወጡት ደግ ነበር።

ከጎን ያለችው ሣጥን ውስጥ ያለውን ደግሞ ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ አልቻልኩም። «ጠፍቶ በ1773 በጀምስ ብሩስ የተገኘው መጽሐፈ ሄኖክ» ትላለች። ከማን ነው የጠፋው? ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ ወደ አውሮፓ የተመለሰው ከየት አግኝቶ ነው? ጎረቤቴ መጥቶ ምጣዴን ቢያይ ምጣዴ ተገኘ አይባልም። ቀጥላችሁም በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ኢትዮጵያውያን አጋንንት የመላእክትና የሴቶች ዲቃሎች ናቸው ብለው ያምናሉ አላችሁ። እዚህ ላይ ቀስ እንበል። መጽሐፉ ትጉሃን የሚባሉ ሁለት መቶ መላእክት በአርሞንዔም ተራራ ላይ ወርደው የሰው ልጆችን እንዳገቡ፣ ከተወለዱትም ግዙፋን ሥጋ ክፉዎች መናፍስት እንደወጡ ይናገራል፣ ምዕራፍ 15ን ማየት ነው። ታዲያ ይህን እንደ ቃሉ የተቀበሉት እነማን ነበሩ? ከውጭዎቹ እንኳ በ2ኛው መቶ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ እንዲህ ብሏል። አውግስጢኖስ ደግሞ አልተቀበለም። የእኛ መምህራን መጽሐፉን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥረው፣ ተሳልመው፣ የወረዱት ከደብር ቅዱስ፣ ከቅዱሱ ተራራ፣ የወረዱ የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች ናቸው፣ ስለ ንጽሕናቸው መላእክት ተባሉ፣ መልአክ አያገባም ብለው ነው የሚያስተምሩት። ማቴዎስ 22፥30ን ይጠቅሳሉ። አያችሁ፣ መጽሐፉን ያቆዩት ሰዎች እንዴት እንደሚያነቡት መጠየቅ ማንም ትዝ አላለው።

መጽሐፈ ኩፋሌንማ ጭራሽ አላነሳችሁትም። የአባቴ ተወዳጅ ምዕራፍ 10ኛው ነበር። ኖኅ ርኩሳን መናፍስት ልጆቹን ቢያስቱበት ጸለየ፤ ሊታሰሩ ሲሉ አለቃቸው መስቴማ ቀርቦ ጥቂት ተዉልኝ ብሎ ለመነ። ዘጠኙ እጅ ታሰረ፣ አንዱ እጅ ቀረለት። «አሥራት መሆኑ ነው» ይሉና አባቴ ብቻቸውን ይስቁ ነበር። ይህንንም ለልጁ ነግሬዋለሁ። ቀድቶታል።

ሳጥናኤል የሚለው ስም የአካባቢ ነው ላላችሁትም፣ በስላቭ ቋንቋ በተረፈው ሌላ የሄኖክ መጽሐፍ ውስጥም አለ። አካባቢያችን ሰፋ ያለ ነው ማለት ነው።

በመጨረሻ አንድ የግል ጉዳይ አለችኝ። ልጁ ሲሄድ ለፎቶ ብሎ የአባቴን ደብተር ተውሶኝ ነበር። አክሲማሮሱን፣ የስድስቱን ቀን ፍጥረት የሚተርከውን መጽሐፍ፣ በእጃቸው የገለበጡበት ነው። ፎቶው ወጥቷል፣ ሥሩ ላይ «ጥንታዊ የአስማት መጽሐፍ» ተብሎ። ወገኖቼ፣ ያ ደብተር ባለ 50 ቅጠል የተማሪ ደብተር ነው። እኔ ነጋዴው አውቀዋለሁ። ጀርባው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ አለ፣ ፎቶው ላይ እንኳ ሰባት ስምንት ሃምሳ ስድስት ይነበባል።

እርማቱን ብታወጡም ባታወጡም ደብተሩን መልሱልኝ። ልጁ ራሱ ይዞት ይምጣ፣ አልቆጣውም። ቡናም አለ። ያን ባለ ሦስት አንቀጹን ብቻ አስከትሎ እንዳይመጣ።

ደብተር ነጋዴው፣ ከአዲስ አበባ