ሜይ ላይ መረጥን፣ ጁላይ ላይ ተነገረን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በዴሞክራትነት ከተመዘገብኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሜይ 14 ቀን 2024 ከሥራ አስፈቅጄ ወጥቼ፣ ፓርቲው የፕሬዚዳንት እጩውን በሚለይበት በቅድመ ምርጫው ድምፄን ሰጠሁ።

ፕሬዚዳንት ባይደን ጁላይ 21 ከውድድሩ ሲወጡ አልገረመኝም። ከትራምፕ ጋር ያደረጉትን የጁን 27ቱን ክርክር ያየ ሰው ለምን ወጡ ብሎ አይጠይቅም። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። እኛ ተራ መራጮች ስለ ዕድሜያቸው ቀደም ብለን ስናወራ ነበር፤ ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። አመራሩ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ፓርቲው አንድም የቅድመ ምርጫ ክርክር አላዘጋጀም። ኒው ሃምፕሻየር ጃንዋሪ 23 ስትመርጥማ፣ ፓርቲው ሳውዝ ካሮላይና ትቅደም እያለ ቀድማ ስለመረጠች፣ የባይደን ስም ወረቀቱ ላይ እንኳ አልነበረም። ደጋፊዎቻቸው በእጃቸው ጽፈው አሸነፉላቸው! (ሳውዝ ካሮላይና መቅደሟን አልጠላም። ጣጣው ለመራጩ መትረፉ ነው እንጂ።)

ልጄ በ2016 ቅድመ ምርጫ የሂላሪ ክሊንተን ተፎካካሪ የነበሩት የበርኒ ሳንደርስ ደጋፊ ነበረች። ያኔ ካሊፎርኒያ ልትመርጥ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ሱፐር ዴሊጌት የሚባሉት፣ የመራጩ ውጤት ሳያስገድዳቸው የፈለጉትን እጩ የሚደግፉ የፓርቲ ሹማምንት ተቆጥረው፣ ክሊንተን አሸንፈዋል ተብሎ ተዘገበ። «ነግሬህ ነበር አባዬ» ትለኛለች።

ካማላ ሃሪስን ኖቬምበር ላይ መርጫለሁ፤ ቅሬታዬ ከሳቸው ጋር አይደለም። ግን እጩ ያደረጓቸው የፓርቲው ጉባኤ ልዑካን ናቸው፤ እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ይህንኑ ለአካባቢያችን የፓርቲ ተወካይ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ የመዋጮ ጥያቄ ነው።

አንድ አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ